ፎርማት ከመደረጉ በፊት
(በዋግ ኽምራ መሥሪያ ቤቶች ላፕቶፖችን ስለሚያጋጥም የዋይፋይ ድራይቨር ችግር ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከዝቋላ ወረዳ ዋና ከተማ ከጽጽቃ ተነሥቶ፣ ከተከዜ ወገን ካለው ቆላ ወደ ሰቆጣ ደጋ የሚወጣ አንድ የወረዳ ሠራተኛ ይታሰብ። በትከሻው ባንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ የመሥሪያ ቤቱ ላፕቶፕ አለ፤ በላፕቶፑም ውስጥ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች የክፍያ ዝርዝር አለ። ዝርዝሩ ለዞን የሚላክበት ቀን ደርሷል። የዋይፋዩ ምልክት ግን ከስክሪኑ ጥግ ጠፍቶ በቦታው ሉል የመሰለ ሌላ ምልክት ቀርቷል። ሠራተኛው ሰቆጣ እንደ ደረሰ ላፕቶፑን ለአንድ የጥገና ባለሙያ ያስረክባል። ባለሙያውም ለአምስት ደቂቃ ያህል ካገላበጠው በኋላ በሀገራችን የኮምፒዩተር ጥገና ቤቶች የተለመደውን ፍርድ ይሰጣል።

«ወንድሜ፣ ይኼ ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም።»

«እሺ፣ እንደሚሆን አድርገው፤ ብቻ ለነገ ይድረስልኝ።»

በማግሥቱ ላፕቶፑ እንደ አዲስ ያበራል። ዋይፋዩ ግን አሁንም የለም፤ ይባስ ብሎም ትናንት የነበረው የክፍያ ዝርዝር ዛሬ የለም።

ይህ በእገሌ ላይ ደረሰ ተብሎ የሚነገር ታሪክ አይደለም፤ ነገሩን ለማስረዳት የተሠራ ምሳሌ ነው። ይሁን እንጂ በጥገና ሥራ ጥቂት ዓመታት የቆየ የማኅበሩ አባል ሁሉ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር ሳያጋጥመው አልቀረም። የዛሬው ንግግር ዓላማም፣ የዋይፋይ ድራይቨር ችግር የደረሰበት ላፕቶፕ ከመደምሰሱ በፊት ምን መጠየቅ፣ ምን ማስቀመጥና የጎደለውን ከየት ማግኘት እንደሚገባ፣ መስመር እንደ ልብ በማይገኝበት በዋግ ኽምራ ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ መግለጽ ነው።

ድራይቨር የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ሾፌር ማለት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ለሥራው ጠባይ ግን ከሾፌር ይልቅ አስተርጓሚ የሚለው ስም ይስማማዋል። በሰቆጣ ገበያ ኽምጣና ብቻ የሚናገር ማር ሻጭና አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ነጋዴ ቢገናኙ፣ ሁለቱም ጤነኞች ሆነው፣ ማሩም ገንዘቡም በእጅ እያለ፣ በመካከላቸው የሚያስማማ አስተርጓሚ ከሌለ ግብይቱ ይሰናከላል። ዊንዶውስና የሬዲዮ ካርዱም እንደዚሁ ናቸው። ካርዱ የሚሠራው አምራቹ ባወጣለት የራሱ ቋንቋ ነው፤ ዊንዶውስም የራሱ አለው፤ ድራይቨሩ የአንዱን ቃል ለሌላው ያደርሳል። አስተርጓሚው ከጠፋ፣ ወይም የሌላ ቋንቋ አስተርጓሚ በቦታው ከተተካ፣ ካርዱ አንዳች ሳይጎዳ ሥራው ይቆማል። «ካርዱ ተቃጥሏል» ተብለው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ከተጣሉት ላፕቶፖች መካከል ካርዳቸው ደኅና የሆነ ጥቂት አይደሉም።

ችግሩ እየተደጋገመ የሚመጣበት ምክንያትም ከዚሁ የመነጨ ነው። 802.11 በሚል ቁጥር የሚታወቀው የገመድ አልባ መረብ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2009፣ በ2013 እና በ2021 የወጡት ማሻሻያዎች ከዋና ዋናዎቹ መካከል ናቸው። አዲስ ማሻሻያ አዲስ ካርድ ይወልዳል፤ አዲስ ካርድም አዲስ ድራይቨር ይጠይቃል። አንድ የዊንዶውስ ቅጂ በውስጡ ይዞ የሚመጣው እርሱ እስከ ተዘጋጀበት ቀን ድረስ የታወቁትን ካርዶች ድራይቨር ነው፤ ከእርሱ በኋላ የተሠራውን ካርድ አያውቀውም። በየጥገና ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ያለው የዊንዶውስ ፍላሽ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሚጠገነው ላፕቶፕ በዕድሜ ይበልጣል። ስለዚህ ላፕቶፑ ፎርማት ተደርጎ በዚያ ፍላሽ ሲጫን፣ ቀድሞ ከፋብሪካው ይዞት የመጣው ትክክለኛ ድራይቨር ተደምስሶ በምትኩ ምንም ሳይገባ ይቀራል። መድኃኒት ተብሎ የተሰጠው ነገር በሽታውን ያመጣል ማለት ነው።

መስመር በሞላበት ከተማ ይህ ብዙ የሚያስጨንቅ አይደለም። ላፕቶፑ በኔትወርክ ገመድ ይያያዛል፤ ዊንዶውስም የጎደለውን ድራይቨር ራሱ ፈልጎ ያመጣል። ዛሬ ግን ቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ የላቸውም፤ ድራይቨሩን ለማግኘት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱን ለማግኘት ድራይቨሩ ያስፈልጋል። ቁልፉ በተቆለፈው ሣጥን ውስጥ ተረስቷል።

በዋግ ኽምራ በዚህ ላይ የሥፍራው ሁኔታ ይጨመርበታል። በ1990ዎቹ ዓመታት ወረዳኔት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን በሳተላይት ማገናኘት ሲጀምር መስመሩ ከሣህኑ ተነሥቶ በገመድ እስከ ዴስክቶፑ ድረስ ይመጣ ስለነበር፣ የሬዲዮ ካርድ የሚባል ነገር በጥገና ሠራተኛው አእምሮ ውስጥ ብዙ ቦታ አልነበረውም። ዛሬ የመጨረሻዎቹ አሥር ሜትሮች በአየር የሚሻገሩ ሆነዋል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት፣ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ሰቆጣና አካባቢዋ ከመብራትም ከስልክም ተለያይተው ነበር፤ የብዙ መሥሪያ ቤቶችም ንብረት ተዘርፏል፣ ወድሟል። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በጠፋው ፈንታ በግዥ፣ በእርዳታና በዝውውር የሚገኙ ላፕቶፖች አንዱ ከአንዱ የማይመሳሰሉ ናቸው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ አራት ጠረጴዛ ቢኖር አራት ዓይነት ካርድ ሊገኝ ይችላል። ለአንዱ የሠራ ድራይቨር ለጎረቤቱ አይሠራም።

ጉዳዩ የሠራተኛ ምቾት ብቻ አይደለም። የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከተጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የብዙ ቤተሰብ የወር ቀለብ በስም ዝርዝር ላይ ተንጠልጥሏል። በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. በከተማይቱ ስም የተሰየመው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 በሕፃናት ላይ የሚደርሰውን የምግብ እጥረት ለማስወገድ መንግሥት የገባው ግዴታ እንደ መሆኑ፣ የሚለካው ከወረዳና ከቀበሌ በሚሰበሰብ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር በመንገድ ላይ ሳለ ማደሪያው አንድ የሲ ክፍል፣ ይልቁንም የዚያ ክፍል ዴስክቶፕ መሆኑን የጥገና ባለሙያ መርሳት የለበትም። ሠራተኛ ፋይሉን የሚያስቀምጠው ዓይኑ ሥር ነው፤ ዴስክቶፕ ደግሞ ሲ ፎርማት ሲደረግ አብሮ ይሄዳል።

እንግዲህ ወደ ምርመራው እንግባ ቢባል፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ጥፋቱ የማን ነው የሚል ነው። ጥፋቱ ከሦስት ቦታ በአንዱ ይገኛል፤ ወይ ከውጭው መስመር፣ ወይ ከክፍሉ ራውተር፣ ወይ ከላፕቶፑ ነው። በዋግ ተራሮች መካከል የሚሠራ ሰው «ተራራው ከለከለው» ማለት ይቀናዋል። ተራራ የስልክ ማማን ሊከለክል ይችላል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ባሉ ራውተርና ላፕቶፕ መካከል ግን ተራራ የለም። እዚያ ያለው፣ ቢበዛ፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ነው።

የራውተሩና የላፕቶፑ ጥፋት የሚለየው በስልክ ነው። ላፕቶፑ ባለበት ጠረጴዛ ላይ ስልክ ተከፍቶ ይታያል። ስልኩ የመሥሪያ ቤቱን ዋይፋይ ስም ካሳየና ከተገናኘ፣ ነገር ግን ገጽ ካልከፈተ፣ ጥፋቱ የውጭው መስመር ነው፤ ላፕቶፑን መንካት አያስፈልግም። ስልኩ በደኅና ሲሠራ ላፕቶፑ የዋይፋዩን ስም ጭራሽ ካላየ፣ ጥርጣሬው ወደ ላፕቶፑ ይዞራል።

ይህ ፈተና ጥሩ ቢሆንም ፍጹም አይደለም። ዋይፋይ በ2.4ና በ5 ጊጋኸርዝ ይሠራል። አሮጌ ካርድ ያለው ላፕቶፕ 2.4ን ብቻ ያውቃል፤ ራውተሩ በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ እንዲያስተላልፍ ከተደረገ፣ አዲሱ ስልክ ሲያየው አሮጌው ላፕቶፕ አያየውም። በ2.4 ጊጋኸርዝም ቢሆን ራውተሩ በ12ኛው ወይም በ13ኛው ቻነል ላይ ከቆመ፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ አንዳንድ ካርዶች እነዚያን ቻነሎች ስለማይሰሙ ስሙ አይታያቸውም። በእርዳታ ከአሜሪካ የመጡ ላፕቶፖች ባሉበት መሥሪያ ቤት ይህን ማስታወስ ይጠቅማል። በዚህ ጊዜ የሚስተካከለው ራውተሩ ነው እንጂ ላፕቶፑ አይደለም፤ ቻነሉን ወደ 1፣ ወደ 6 ወይም ወደ 11 መመለስ ይበቃል።

ጥፋቱ የላፕቶፑ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ደግሞ፣ ድራይቨር ከመባሉ በፊት ማብሪያው ይታይ። በአሮጌ ላፕቶፖች ጎን ላይ የዋይፋይ ማብሪያና ማጥፊያ አለ፤ በሌሎቹ ላይ ከላይኛው የቁልፍ ረድፍ አንዱ ይህን ሥራ ይሠራል። በቦርሳ ውስጥ ሲንቀሳቀስ የተገፋ ማብሪያ፣ ወይም ሳይታወቅ የተነካ የአውሮፕላን ምልክት፣ ከጽጽቃ ሰቆጣ ድረስ ሰው ሊያስኬድ ይችላል። ማሳፈሩ አይቀርም፤ ቢሆንም ከፎርማት ይሻላል።

ቀጥሎ መዝጋትና መክፈት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ላፕቶፑ ሲዘጋ የሲስተሙን ሁኔታ በዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ በቶሎ የሚነሣውም ስለዚህ ነው። ተሰናክሎ የነበረ ድራይቨር ሲነሣም እንደ ተሰናከለ ሊነሣ ይችላል። «ሪስታርት» የሚለው ትእዛዝ ግን ሁሉንም ከመጀመሪያው ያስጀምራል። ስለሆነም «ዘግቼ ከፍቼዋለሁ» ያለ ሰው ሪስታርት አድርጓል ማለት አይደለምና ተለይቶ ይጠየቅ። እንደገናም ካርዱ ከእንቅልፍ በኋላ እየጠፋ የሚያስቸግር ከሆነ፣ በካርዱ ባሕርያት ውስጥ «ኀይል ለመቆጠብ ኮምፒዩተሩ ይህን መሣሪያ ያጥፋው» የሚል ትርጉም ያለው ምልክት ይገኛል፤ ምልክቱን ማንሣት ብዙ ጊዜ ይፈውሰዋል።

ይህ ሁሉ ካልረዳ «ዲቫይስ ማናጀር» ይከፈታል፤ የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ከኤክስ ጋር ሲጫን ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ካርዱ በኔትወርክ መሣሪያዎች ሥር በስሙ ተጽፎ ከተገኘ ድራይቨር አለው። «ሌሎች መሣሪያዎች» በሚለው ሥር «ኔትወርክ ኮንትሮለር» ተብሎ ከቢጫ ምልክት ጋር ከተገኘ፣ ካርዱ በሕይወት አለ፣ የጎደለው አስተርጓሚው ብቻ ነው። ከሁለቱም ቦታ ከሌለ ወይ ባዮሱ ውስጥ ተዘግቷል፣ ወይ ከመሰኪያው ላልቷል፣ ወይ በእርግጥ ሞቷል። ጥገና የሚጀምር ሁሉ ይህን ልዩነት ቢያውቅ ግማሹ ድካም ይቀር ነበር።

ካርዱ በስሙ ካለ ባሕርያቱ ሲከፈቱ አንድ ቁጥር ይነበባል። 22 ከሆነ ሰው ዘግቶታልና ይከፈትለት። 28 ከሆነ ድራይቨር አልተጫነም። 10 ከሆነ መሣሪያው መነሣት አቅቶታል፤ ብዙ ጊዜ የማይስማማ ድራይቨር ስለ ተሰጠው ነው፤ ትናንት ሲሠራ ቆይቶ ከዝመና በኋላ ዛሬ ይህ ከመጣ ደግሞ «ሮል ባክ» የሚለው ቁልፍ የቀድሞውን ድራይቨር ይመልሳል። 43 መሣሪያው ራሱ ችግር ማሳወቁን ያመለክታል፤ የኤሌክትሪክ መቆራረጥ ባለበት ስፍራ ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅሎ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጥቶ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሴኮንድ ያህል ተጭኖ ማቆየት የቀረውን ኤሌክትሪክ ስለሚያፈስ፣ አንዳንዴ ካርዱን ያነቃዋል። 52 የድራይቨሩ ፊርማ አልታመነም ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው በዊንዶውስ 7 ላይ ይበዛል፤ ምክንያቱም አዲሶቹ ድራይቨሮች የሚፈረሙበትን የኤስኤችኤ-2 ፊርማ፣ ለዚሁ የወጣው ማሻሻያ ያልገባለት ዊንዶውስ 7 ሊያነበው አይችልም። ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠው ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውም አጠቃላይ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። «አንኢንስቶል» የሚለው ትእዛዝ ሲሰጥ፣ የድራይቨሩን ፕሮግራም አብሮ ይጥፋ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ትንሽ ሣጥን ይመጣል። ሣጥኑ ባዶ ከተተወ ትእዛዙ ጉዳት የለውም፤ ላፕቶፑ ሪስታርት ሲደረግ ዊንዶውስ ድራይቨሩን ከራሱ ጎተራ አውጥቶ ይመልሰዋል፤ ችግሩም አንዳንዴ በዚሁ ይፈታል። ሣጥኑ ላይ ምልክት ከተደረገ ግን ከጎተራው ያለው ዘር አብሮ ይጣላል። ኢንተርኔት በሌለበት አገር ዘር መጣል ምን ማለት እንደሆነ ለዋግ ሰው ማስረዳት አያሻም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ፎርማት እንመለስ። ፎርማት ጨርሶ አይደረግ የሚል የለም። በቫይረስ የተበላሸ ወይም ዲስኩ የተሰናከለ ሲስተም ከፎርማት በቀር ሌላ መድኃኒት ላይኖረው ይችላል። ለዋይፋይ ብቻ ሲባል ግን የሚደረግበት ምክንያት እጅግ ጥቂት ነው፤ ከተደረገም አስቀድሞ ሁለት ነገሮች ይወጣሉ፤ የሠራተኛው ፋይልና የላፕቶፑ ድራይቨሮች። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተነግሯል። ሁለተኛውን የሚያደርግ ግን ጥቂት ነው፤ በዊንዶውስ 10ና 11 ላይ ሥራው የአንድ መስመር ትእዛዝ ሆኖ ሳለ። በአስተዳዳሪ ሥልጣን በተከፈተ የትእዛዝ መስኮት ውስጥ «ዲስም» የተባለው መሣሪያ ሲታዘዝ፣ ከዊንዶውስ ጋር ያልመጡትን ድራይቨሮች ሁሉ አንድ በአንድ አውጥቶ በተነገረው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ከዊንዶውስ ጋር የመጡት ባይወጡም ግድ የለም፤ ያው ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን አብረው ይመለሳሉ። ፎልደሩ በፍላሽ ተይዞ ይቆይና፣ ከፎርማት በኋላ በዲቫይስ ማናጀር በኩል «ድራይቨሩን በዚህ ፎልደርና በሥሩ ባሉት ውስጥ ፈልግ» ይባላል። ሁሉም በየቦታው ይገባል።

ላፕቶፑ ጨርሶ የማይነሣ ቢሆንስ? በፍላሽ ላይ በተጫነ ኡቡንቱ ይነሣል። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ኡቡንቱ የብዙ ካርዶችን ድራይቨር በውስጡ ስለያዘ፣ ዋይፋዩ በእርሱ ላይ ከሠራ ካርዱ ጤነኛ መሆኑ ያለ ክርክር ይረጋገጣል፤ ባይሠራ ግን ካርዱ ሞቷል ለማለት አይበቃም፤ የብሮድኮም ካርዶች በዚህ በኩል አስቸጋሪ መሆናቸው የታወቀ ነውና። ሁለተኛ፣ ከማይነሣው ዊንዶውስ ዲስክ ላይ፣ ዲስኩ በምስጢር ቁልፍ ካልተዘጋ፣ የሠራተኛው ፋይልና «ድራይቨርስቶር» የተባለው የድራይቨሮች ጎተራ እንዳለ ሊገለበጥ ይችላል። የሞተ ሲስተም ድራይቨሩን ይዞ መቀበር የለበትም።

ዘሩ አስቀድሞ ጠፍቶ ቢገኝ፣ ማለትም ላፕቶፑ ትናንት በሌላ እጅ ፎርማት ተደርጎ ዛሬ ቢመጣ፣ መውጫው ስልክ ነው። የአንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ተያይዞ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለው ሲከፈት፣ ዊንዶውስ 10ና 11 አብዛኞቹን ስልኮች ያለ ተጨማሪ ድራይቨር እንደ ኔትወርክ ካርድ ይቀበላሉ። ብዙዎች ይህን የሚያውቁት የሞባይል ዳታ ማካፈያ አድርገው ነው። ነገር ግን በብዙ ስልኮች ላይ ስልኩ ከመሥሪያ ቤቱ ዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ ያንኑ ዋይፋይ በገመድ ለላፕቶፑ ያሻግራል። ስለዚህ የሞባይል ዳታ በሌለበት ጊዜም፣ ቋሚ መስመር ያለው አንድ ቢሮ እስከ ተገኘ ድረስ፣ ስልኩ ለጊዜው የላፕቶፑ ሬዲዮ ሆኖ ያገለግላል። ገመዱ ግን ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ዓይነት እንዳይሆን ያስፈልጋል፤ መልኩ አንድ ነው፣ መረጃ አያሳልፍም፤ በዚህ ምክንያት ግማሽ ቀን የሚያባክን ሰው አለ።

ቋሚ መስመርም ከሌለ ፋይሉ በሰው እጅ ይመጣል። ባሕር ዳር ወይም ደሴ ያለ የሥራ ባልደረባ ድራይቨሩን አውርዶ፣ መስመር ብቅ ባለች ሰዓት በቴሌግራም ይልከዋል፤ ወይም ወደ ሰቆጣ ለሚመጣ ሰው በፍላሽ ይሰጠዋል። ለዚህ ግን የካርዱ ማንነት በትክክል መነገር አለበት። «ኤችፒ ነው፣ ጥቁር ነው» ማለት አይበቃም፤ አንድ የላፕቶፕ ሞዴል በሁለትና በሦስት ዓይነት ካርድ ሊሠራ ይችላልና። ትክክለኛው መታወቂያ በካርዱ ባሕርያት ውስጥ፣ «ዲቴይልስ» በሚለው ገጽ፣ «ሃርድዌር አይዲ» ተብሎ ይገኛል። ድራይቨር የሌለው ካርድም ይህ መታወቂያ አለው። መጀመሪያ የሚታየው የአምራቹ ቁጥር ነው። 8086 ኢንቴል ነው፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣውን የታወቀ ፕሮሰሰር ቁጥር ለራሱ መለያ አድርጎታል። 10ኢሲ ሪያልቴክ፣ 168ሲ አቴሮስ፣ 14ኢ4 ብሮድኮም ናቸው። ቀጥሎ የሚመጣው የካርዱ የራሱ ቁጥር ነው። ሁለቱ በስልክ ፎቶግራፍ ተነሥተው ከተላኩ ስሕተት አይኖርም።

ሁሉን ድራይቨር በአንድ የጠቀለሉ ጥቅሎችም በጥገና ቤቶች ዘንድ የተለመዱ ናቸው። ሙሉው ጥቅል በአሥሮች ጊጋባይት የሚቆጠር ሲሆን፣ የኔትወርክ ካርዶችን ብቻ የያዘው ክፍል እጅግ ያነሰ ነው፤ ለሰቆጣ የሚበጀውም እርሱ ነው። ከአንዳንዶቹ ጋር ያልተጠየቁ ፕሮግራሞች ተለጥፈው ስለሚገቡ፣ እንዲሁም ለደኅናው መሣሪያ ሳይቀር ድራይቨር ካልቀየርን ስለሚሉ፣ «ሁሉንም ጫን» የሚለውን ቁልፍ አለመንካት ይመረጣል። ፍላሹም ራሱ ጣጣ አለው። ከላፕቶፕ ላፕቶፕ የሚዞር ፍላሽ የሾርትከት ቫይረስን ከቢሮ ቢሮ ያዛምታል። በጎኑ ትንሽ መቆለፊያ ያለውን የካሜራ ካርድ ከነማንበቢያው መጠቀም ለዚህ ጥሩ ዘዴ ነው፤ መቆለፊያው ከተዘጋ ላፕቶፑ ያነብባል እንጂ አይጽፍበትም።

ከድራይቨር ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው በድራይቨር የሚመካኝ አንድ የሀገራችን ልዩ ችግርም አለ። ዋይፋዩ ተገናኝቷል፤ ገጾች ግን «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም። ድራይቨር ቢቀያየር ለውጥ የለም። ምክንያቱ ሲፈለግ፣ አንድ ጠንቃቃ ሠራተኛ የኮምፒዩተሩ ዓመት «ተሳስቶ» ስላገኘው በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስተካክሎታል። ኮምፒዩተሩ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው፤ የድረ ገጾቹ የደኅንነት ምስክር ወረቀቶች ደግሞ በእርሱ ሂሳብ ገና አልተወለዱም። በእናት ሰሌዳው ላይ ያለችው ሳንቲም መሳይ ባትሪ ስታልቅም ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ሲመለስ ሁሉም ይከፈታል። ላፕቶፑ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጋር በዓመት አለመስማማቱ ጥፋት አለመሆኑን ለሠራተኛው በትሕትና ማስረዳት የባለሙያው ፈንታ ነው።

በንብረት አያያዝ በኩል አንድ ቀላል ማሻሻያ ሊታሰብ ይችላል። ላፕቶፕ ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ በሞዴል 19፣ ለሠራተኛ ሲሰጥ በሞዴል 22 ይመዘገባል። በእነዚህ ላይ ስሙ፣ ሞዴሉና የሴሪ ቁጥሩ ይጻፋሉ፤ የሬዲዮ ካርዱ መታወቂያ ግን የትም አይጻፍም። ላፕቶፑ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ፣ ዋይፋዩ በደኅና እየሠራ ሳለ፣ የካርዱ ሁለት ቁጥሮች በአንድ ተራ ደብተር ላይ ቢሠፍሩና ድራይቨሮቹ በ«ዲስም» ወጥተው በሴሪ ቁጥሩ ስም በተሰየመ ፎልደር ቢቀመጡ፣ ጠቅላላ ሥራው ከሩብ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። የዞኑን ወረዳዎች ፎልደሮች ሁሉ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይይዛቸዋል። ሁለት ቅጂ ቢኖር፣ አንዱ ሰቆጣ፣ ሁለተኛው ከሰቆጣ ውጭ፣ ለምሳሌ በደሃና አምደወርቅ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ በ2014 ዓ.ም. የታየው ጥፋት ሁሉን ነገር በአንድ ክፍል ውስጥ ማከማቸት ምን እንደሚያስከትል አሳይቷልና።

ካርዱ በእርግጥ ሞቶ ከተገኘስ? በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ካርዱ በአንድ ብሎን የተያዘ ትንሽ ሰሌዳ ስለሆነ ይቀየራል። ሁለቱ ቀጫጭን የአንቴና ሽቦዎች ሲነቀሉም ሲሰኩም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በአንዳንድ ኩባንያዎች አሮጌ ላፕቶፖች ላይ ግን ባዮሱ ከተፈቀዱለት ካርዶች በቀር ሌላውን አልቀበልም ብሎ ሲነሣ ስለሚቆም፣ ከመግዛት በፊት ከአንድ ዓይነት ላፕቶፕ የወጣ ካርድ ቢሞከር ይሻላል። በአዲሶቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ካርዱ በእናት ሰሌዳው ላይ የተበየደ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሚቀረው በዩኤስቢ የሚሰካው ትንሹ የዋይፋይ መሣሪያ ነው። ይህ ሲገዛ ከነድራይቨሩ መሆኑ ይጠየቅ። አንዳንዱ ድራይቨሩን በትንሽ ሲዲ ይዞ ይመጣል፤ ላፕቶፑ ደግሞ ሲዲ ማጫወቻ የለውም። ሌላው ድራይቨሩን በራሱ ሆድ ይይዝና መጀመሪያ ሲሰካ እንደ ሲዲ ሆኖ ይታያል፤ ከዚያ ውስጥ ተጭኖ ሲያበቃ ወደ ዋይፋይነት ይለወጣል። ከአዲስ አበባ መርካቶ ለሰቆጣ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁለተኛውን ዓይነት ይምረጥ፤ በሱቁ ውስጥም በአንድ ላፕቶፕ ላይ አሰክቶ መሥራቱን ሳያይ ገንዘቡን አይክፈል።